መኪናው አልነሳ ሲል



ባለፉት ወራት በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ውስጥ ሥራዎች ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ከጓዳ ወጥተን በር ላይ የቆመውን መኪና እናያለን። "የመኪና ነገር የመካኒክ ነው፣ እኛን ምን አገባን?" የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። እኔም መካኒክ አይደለሁም፤ ፊዚክስ አስተምሬ የማድር ሰው ነኝ። ነገር ግን መኪና አልነሳ ሲል ከሥራ ያስቀራል፤ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት እንዳይደርስ ያደርጋል፤ ካላወቁበት ደግሞ ሰውን ከሰው ያጣላል። ይህን የመጨረሻውን በራሴ ላይ ስላየሁት ከእርሱ ልጀምር።

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በሰፈራችን ላዳ ታክሲ እየነዳ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር አንድ ወንድም አለ። አንድ ቀን የሱብሒን ሶላት ሰግዶ ከመስጊድ ይመለስና መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር "ጠቅ" ብሎ ዝም ይላል። የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል፤ ክላክሱም ይጮኻል፤ ሞተሩ ግን አይዞርም። የሰፈር ልጆች ገፍተው አስነሱለት። ይህ ነገር ሳምንት ሙሉ ሲደጋገም "ባትሪው ሞቷል" የሚል ፍርድ ተሰጠ። ፍርዱን ማን እንደሰጠ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ በቆመ መኪና ዙሪያ የሚሰበሰብ ሰው ሁሉ መካኒክ ነውና። ወንድማችንም ለልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ያሰበውን የእቁብ ገንዘብ አውጥቶ አዲስ ባትሪ ገዛ።

ባትሪው ሲገባ መኪናው ተነሳ። ከ10 ቀን በኋላ ግን ያው "ጠቅ" ተመልሶ መጣ። ባትሪውን ይዞ ወደ ሱቁ ቢሄድ ባለሱቁ መርምሮ "ባትሪው ምንም አልሆነም፣ ችግሩ ከመኪናው ነው" አለው። ወንድማችን አላመነም። "አሮጌውን አጥቦ ሸጠልኝ" ብሎ ወደኔ መጣ፤ "አንተ የኤሌክትሪክ ነገር ታውቃለህና አብረን እንሂድ" አለኝ። ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሦስት አራት ደንበኞች ነበሩ። እኔም መለኪያ እንኳ ሳልይዝ፣ የመኪናውን ኮፈን ከፍቼ ሳላይ፣ "አዲስ ባትሪ በ10 ቀን አይሞትም፤ ይህ ሰው እውነቱን ነው" ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩ። ባለሱቁ "አላህ ያውቃል" ብቻ ብሎ ዝም አለ። ከደንበኞቹ አንዱ ሊገዛ ያነሳውን ባትሪ አስቀምጦ ወጣ።

የዚህን ነገር መጨረሻ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ግን ያን ቀን ማወቅ የነበረብኝን፣ ነገር ግን ሳላስተውል የዘለልኩትን ልንገራችሁ።

በቁርአን ቤት ሳለን አንድ ልጅ ሲያነብ ከተሳሳተ ሸኻችን የተሳሳተባትን ቃል ብቻ አያርሙለትም ነበር፤ ከአሊፍ አስጀምረው ያስቆጥሩታል። የመኪናም ኤሌክትሪክ እንዲሁ ነው። አሊፉ ባትሪው ነው። ብዙዎቻችን የምንነዳው የቤት መኪና ባትሪ ባለ 12 ቮልት ነው ይባል እንጂ በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ በደንብ የተሞላና ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ ወጥቷል ማለት ነው። ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ቴስተር ዛሬ በየኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው ይገኛል፤ መኪና ያለው ቤተሰብ አንድ ቢኖረው ገንዘቡን አባከነ አይባልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሞተሪኖው ነው፤ ቁልፍ ስናዞር ትልቁን ሞተር ለጥቂት ሰከንድ የሚያሽከረክረው። በመኪናችን ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ እንደ ሞተሪኖ ኤሌክትሪክ የሚበላ የለም። አንድ የፊት መብራት 5 አምፔር ያህል ሲወስድ የትንሽ መኪና ሞተሪኖ 150 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል። እንግዲህ ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ ሰዎች "መብራቱ በደንብ ይበራል፣ ታዲያ እንዴት ባትሪ ወይም ሽቦ ነው ትሉኛላችሁ?" እያሉ የሚከራከሩት ይህን ባለማወቅ ነው።

በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሮ አይታችሁ ይሆናል። ያ ዱቄት፣ ወይም ላልቶ የተቀመጠ የሽቦ ማሰሪያ፣ 0.03 ኦም የምታህል እንቅፋት ብትፈጥር መብራቱ 5 አምፔር ብቻ ስለሚያሳልፍ የሚባክነው 0.15 ቮልት ነው፤ ዓይን አይለየውም። ሞተሪኖው ግን 150 አምፔር ልሳብ ሲል በዚያች እንቅፋት ላይ 4.5 ቮልት ይቀራል። ከ12.6 ውስጥ 4.5 ሲቀነስ 8.1 ነው፤ በዚህ ሞተሪኖ አይዞርም። የቧንቧ ውሃ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ዝገት የዘጋው ቧንቧ ማንቆርቆሪያ ይሞላል፣ ገላ ለመታጠብ ሲከፍቱት ግን ይንጠባጠባል። ስለዚህ "መብራቱ በራ" ማለት ባትሪውም ሽቦውም ደህና ነው ማለት አይደለም።

ከዚህ በኋላ ጆሮአችሁን ነው የምጠቀመው። መኪና አልነሳ ሲል ዝም ብሎ ደጋግሞ ቁልፍ ማዞር ትልቁ ስህተት ነው፤ የቀረችውን ጥቂት ጉልበት ትጨርሳላችሁ። አንድ ጊዜ አዙሩና አድምጡ።

ምንም ድምፅ ከሌለና የዳሽቦርዱ መብራትም ካልበራ ባትሪው ፈጽሞ ወጥቷል ወይም የባትሪው ማሰሪያ ከቦታው ተነቅሏል፤ ካልሆነም ዋናው ፊውዝ ተቃጥሏል። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ማሰሪያው ነው። "ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ" እያለ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ድምፅ ከሰማችሁና መብራቱ አብሮ የሚደበዝዝ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ቆሽሿል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ብሎ "ጠቅ" ካለና መብራቱ ካልደበዘዘ ነገሩ ሞተሪኖው ጋ ወይም ወደ ሞተሪኖው በሚሄዱትና በሚመለሱት ትላልቅ ሽቦዎች ላይ ነው። "የሚመለሱት" ያልኩትን ያዙልኝ። ሞተሩ እንደ ወትሮው በጉልበት እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ተዉአቸው፤ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ያኔ የሚፈለገው ነዳጅ ወይም እሳት ነው።

ሌላም አለ። መብራቱ ደምቆ እየበራ፣ ቁልፍ ሲዞር "ጠቅ" እንኳ የማይል። ባለፈው ዓመት አንዲት እህት ከሥራ ቦታዋ ደውላ መኪናዋ እንደዚህ እንደሆነባት ነገረችን። አውቶማቲክ ማርሽ ያላት ቪትዝ ናት። ብዙ ተባለ፤ የሚጎትት መኪናም ተፈለገ። በመጨረሻ ማርሹ ዲ ላይ እንደቀረ ተገኘ። አውቶማቲክ መኪና ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው እንዲዞር አይፈቅድም፤ ለደኅንነት ተብሎ የተሠራ ነው። ማርሹ ፒ ላይ ሆኖም እምቢ ካለ የእግር ፍሬኑን ረግጣችሁ ወደ ኤን አዛውሩና ሞክሩ፤ አንዳንዴ ያ ብቻ ይበቃል። በዚህች እህት የሳቁ ወንድሞች ነበሩ። ከሳቁት አንዱ በረመዳን የመኪናውን መብራት ሳያጠፋ ተራዊሕ ሊሰግድ ገብቶ ሲወጣ ያገኘውን እኔ አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም።

ስለ ተራዊሑ ከተነሳ ሒሳቡ ይህ ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶችና የኋላዎቹ አንድ ላይ 11 አምፔር ያህል ይበላሉ። በሁለት ሰዓት ውስጥ 22 አምፔር ሰዓት ይወጣል። የትንሽ መኪና ባትሪ በአዲስነቱ የሚይዘው ከ35 እስከ 45 አምፔር ሰዓት ነው። አዲስ ባትሪ ይህን ችሎ ሊነሳ ይችላል፤ ሦስትና አራት ዓመት ያገለገለው ግን አይችልም። በሩ ሳይገጥም ቀርቶ ውስጥ የምትበራው ትንሿ አምፑል ግማሽ አምፔር እንኳ አትወስድም፤ አንድ ሌሊት ብትበራ ጤነኛ ባትሪ አይሞትም። በዚያች አምፑል የሞተ ባትሪ ቀድሞም ታሞ ነበር ማለት ነው። መኪናው በቆመበት ሁለትና ሦስት ቀን እየቆየ የሚሞት ከሆነ ደግሞ በኋላ የተገጠመ ዕቃ ተጠርጣሪ ነው፤ ቴፕ፣ ማንቂያ፣ ስልክ መሙያ። የተገጠመውን አንድ በአንድ ነቅሎ ማሳደር ብዙ ገንዘብ ያድናል።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንግባ። የባትሪ ራስ ለማጽዳት ባለ 10 ቁጥር መፍቻ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ሞቅ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳና የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። ቁልፉን ከመኪናው አውጡ። መጀመሪያ የሚፈታው የነጋቲቩ ማሰሪያ ነው፤ ሲታሰር ግን መጨረሻ የሚታሰረው እርሱ ነው። ምክንያቱም የመኪናው አካል በሙሉ ከነጋቲቩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻው አካሉን ከነካ ከባትሪው ጋር እሳት ይፈጥራል። ሶዳውን በውሃ በጥብጣችሁ ዱቄቱ ላይ ስታፈሱት ይንፈቀፈቃል፤ በብሩሽ ፈትጋችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፤ በባትሪው ክዳኖች በኩል ግን ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ካደረቃችሁ በኋላ እርሳሱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ እሰሩት፣ ላዩን ቫዝሊን ቀቡት። ታስሮ በእጅ ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አልታሰረም።

ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ውሃውን እዩ። ከውስጥ የሚታዩት ሳህኖች ተሸፍነው ውሃው ጥቂት ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃም የዝናብ ውሃም አይሆንም፤ አሲድም አይጨመርም። ይህን ስታዩ አምፖል እንጂ ክብሪት ወይም ላይተር አታብሩ! ባትሪ ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል፤ የሚረጨውም አሲድ ነው፤ ዓይን ያጠፋል። ልጆችን አርቁ፤ አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ እያጠቡ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ባትሪው በእርግጥ ከወጣ ጎረቤት ይጠራል። እንደ ድሬዳዋና አፋር ባለ ሙቀት አገር ባትሪ ቶሎ ያረጃል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርዳም ጠዋት ደግሞ እርጅናው ይጋለጣል፤ ስለዚህ በሁሉም ዘንድ የሚደርስ ነው። ከሌላ መኪና በኬብል ስትወስዱ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። ቀዩ ኬብል መጀመሪያ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከደህናው ባትሪ ፖዘቲቭ ይያያዛል። ጥቁሩ ከደህናው ባትሪ ነጋቲቭ ይጀምርና ሌላው ጫፉ በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ብሎ በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ይታሰራል። የመጨረሻዋ ማያያዣ ሁልጊዜ ትንሽ ብልጭ ትላለችና ጋዙ ካለበት ትራቅ። ረጂው መኪና ጥቂት ደቂቃ ተነስቶ ይቆይ፤ ከዚያ ሞክሩ። ስትፈቱ በመጣችሁበት ተመለሱ። አደራ የምላችሁ፣ የደግነት ብዛት ሲኖትራክ ወይም ሌላ ከባድ መኪና ቆሞላችሁ "ከኔ ውሰዱ" ቢላችሁ አመስግናችሁ እለፉ። የእነርሱ 24 ቮልት ነው፤ የእናንተን መኪና ኮምፒውተርና አምፑሎች በአንድ ጊዜ ይጨርሳል።

ግፊ ሁላችንም የምናውቀው ነው። በማንዋል ማርሽ ብቻ ይሠራል፤ አውቶማቲክን መግፋት የሰውን ጉልበት ማባከን ነው። ቁልፉ መከፈት አለበት፤ አለዚያ መሪው ይቆለፍና መኪናው ግንብ ላይ ይወጣል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ቆዩ፤ መኪናው ሲፈጥን ፍሪሲዮኑን ልቀቁ፤ ሲነሳ መልሳችሁ ርገጡ። ቁልቁለት ላይ ብቻችሁን አትሞክሩ፤ ሞተር ሳይነሳ የፍሬኑ አጋዥ ስለማይሠራ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል።

መኪናው ተነስቶ እየሄደ ሳለ ዳሽቦርዱ ላይ ባትሪ የምትመስለዋ ቀይ መብራት ከበራች ዲናሞው እየሞላ አይደለም። ሞተር ተነስቶ ባትሪው ላይ ቴስተር ስታስቀምጡ በብዙ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት። 12 አካባቢ ቆሞ እየወረደ ከሄደ ዲናሞው ወይም እርሱን የሚያዞረው ቺንጊያ ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ ቺንጊያው ተበጥሶ ካገኛችሁት "ቤት እስክደርስ" አትበሉ፤ በብዙ መኪኖች ያው ቺንጊያ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ የሚያዞረውን ፓምፕ ጭምር ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ሞተሩ ይቃጠላል። በየጋራዡ ደግሞ አንድ አጉል ልማድ አለ፤ ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ መንቀል። በድሮ መኪና ይቻል ነበር ይሉ ይሆናል፤ በዛሬ መኪና ላይ ግን የዲናሞውን ዳዮድና ኮምፒውተሩን ያቃጥላል። "ቴስተር የለህም ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት።

ስለ ፊውዝ ብዙ አልልም። ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው። የተቃጠለው በቀለሙ ይተካል። ከሲጋራ ወረቀት በወጣ ብር ወይም በሽቦ የሚቀጥል ሰው መኪናውን ለእሳት አሳልፎ እየሰጠ ነው። ፊውዙ ተተክቶ ወዲያው ደግሞ ከተቃጠለ ሽቦ ተነካክቷልና ኤሌክትሪሻን ይየው። ፍሬቻ ከወትሮው ፈጥኖ ጠቅ ጠቅ ካለ ግን አትደንግጡ፤ ከፊት ወይም ከኋላ አንዱ አምፑል ተቃጥሏል እያላችሁ ነው።

ሞተሩ በጉልበት እየዞረ የማይነሳውን ረስቼ አይደለም። ነዳጅ መኖሩን ጌጁን ሳታምኑ አረጋግጡ። ካርቡራተር በሌለው መኪና ቁልፉን ሳታስነሱ ብትከፍቱት ከኋላ ወንበር ሥር ለሁለት ሰከንድ ያህል "ዝዝዝ" የሚል የነዳጅ ፓምፕ ድምፅ አለ፤ ከጠፋ የፓምፑን ፊውዝ እዩ። በክረምት ኩሬ ውስጥ ካለፋችሁ በኋላ ከሆነ ቦቢናውና ወደ ካንዴላ የሚሄዱት ሽቦዎች ረጥበዋል፤ ቁልፉን ዘግታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የካንዴላ ሽቦ ነቅሎ በእጅ ይዞ "እሳት አለ የለም" ማለት ግን በሺህ የሚቆጠር ቮልት ነውና ይቅርባችሁ። ከ10 ሰከንድ በላይም በተከታታይ አታዙሩ፤ ሞተሪኖው ይግላል፤ ግማሽ ደቂቃ አሳርፉት።

አሮጌ መኪና ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላክል። ኮፈኑን አስከፍቱና ሞተሩን በእጃችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ሞቆ ካገኛችሁት ከእናንተ በፊት አስነስተውታል። ጠዋት አልነሳ የሚል መኪና ከሞቀ በኋላ ማንም አያውቅበትም። "ሳይነሳ አድሮ ነገ ጠዋት ልምጣ" በሉ። ሻጩ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ዐይቡን ሳይጠየቅ መናገር እንዳለበት የማያውቅ አይመስለኝም።

በ2016 ዓ.ል. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ቤተሰቦች በዝተዋል። እነርሱም ከዚህ ዓምድ አልወጡም፤ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ያችው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለቻቸው። እርሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አይነቃም። ከላይ የተባለው የማሰሪያ ጽዳት ለእርሷም ይሆናል፤ ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ትላልቅ ሽቦዎች ግን በእጃችሁ አትንኩ።

አሁን ወደ ላዳው ልመለስ። ከሱቁ ከተመለስን ከሳምንት በኋላ ወንድማችን መኪናውን አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሻን ጋ ወሰደው፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ሰውዬው ባትሪውን አልነኩትም። "ቁልፉን አዙር" አሉት፤ "ጠቅ" አለ። "ድገም" አሉት። ከዚያ ጠዋት ሞተር ሲቀዘቅዝ የሚሳበውን የቾክ ገመድ በእጃቸው ዳሰሱትና የኔን እጅ ይዘው አስነኩኝ። ይፋጃል። "ይህ ገመድ ኤሌክትሪክ አይሄድበትም፣ ለምን ጋለ? አስተማሪ አይደለህ ወይ?" አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሪኖው ሄዶ ካልተመለሰ አይሠራም። የሚመለሰው በሞተሩ ብረትና ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር በሚያያይዘው አጭር የተጎነጎነ ሽቦ ነው። ያ መንገድ ሲዘጋበት መመለሻ አጥቶ በቀጭኗ የቾክ ገመድ በኩል ሊያልፍ ይታገል ነበር።

ሰውዬው የማስነሻ ኬብል አምጥተው አንዱን ጫፍ ከባትሪው ነጋቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ባዶ ብረት ጋር አያያዙ። "አዙር።" ላዳው በአንድ ጊዜ ተነሳ። ከሥር ገብተው ያንን አጭር ሽቦ ፈትተው አወጡት፤ በዘይትና በዝገት ተበልቶ ጥቂት ክሮች ብቻ ቀርተውት ነበር። አዲሱ ባትሪ ጉልበት ስለነበረው 10 ቀን በእነዚያ ክሮች ሲያልፍ ቆይቷል። ከሶማሌ ተራ የተገዛው ሽቦ ዋጋ ከባትሪው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ይህን ምርመራ ማንኛችሁም በኬብል ልትሠሩት ትችላላችሁ። ቴስተር ላለው ደግሞ ይቀልላል፤ አንዱን እግር በባትሪው ነጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ሌላ ሰው ቁልፍ ያዙር። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ መመለሻው ታሟል።

ወደ ሱቁ የሄድነው ያንኑ ቀን ከዐስር በኋላ ነው። ወንድማችን የተበላውን ሽቦ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞት ነበር። ባለሱቁ እንዳየን ፊቱ ተለወጠ፤ ዳግመኛ ልንጣላው የመጣን መስሎታል። ሽቦውን መስታወቱ ላይ አስቀምጠን ነገሩን ነገርነው፤ ዐፍው አልነው። ሽቦውን አገላብጦ አየውና "እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ያን ቀን እዚህ የነበሩት ሰዎችስ?" አለን። ማን እንደሆኑ እርሱም አያውቃቸውም፤ መንገደኞች ነበሩ። ባትሪውን አስቀምጦ የወጣው ሰውዬ ግራጫ ጃኬት ለብሶ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ። ከእነርሱ መካከል ይህን መጽሔት የሚያነብ ካለ፣ ባትሪው ደህና ነበር፤ ባለሱቁም እውነቱን ነበር።